ወደ ናስ የሚሄደው ባክአፕ ለምን ግማሽ ላይ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ደሴ ሮቢት አካባቢ የምኖር የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ ነኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ የያዘ ናስ (በቤት ኔትወርክ የሚገናኝ የፋይል ማከማቻ መሣሪያ) አለኝ፤ ሁለተኛው ዲስክ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ባክአፕ የማደርግበትን ፎልደር ሲያዘጋጁልኝ በምስጠራ ቆልፈውልኛል። የኤዲቲንግ ኮምፒውተሬ (ዊንዶውስ 10) በኬብል፣ ላፕቶፔ (ዊንዶውስ 11) በዋይፋይ ተገናኝተዋል። ሁለቱም በሮቦኮፒ (ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲገለብጡ አዝዣለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ‹ኔትወርኩ አልተገኘም› ይላል። ሌላ ቀን ይጀምርና ነግቶም አይጨርስም። 14 ፋይሎች ደግሞ መቼም አይገቡም። ባለፈው ሳምንት አንድ የጥር ሰርግ ከናሱ ላይ ስከፍት ቪዲዮው መሀል ላይ ቆመ። ስታቢላይዘር አለኝ። የኢንተርኔት ፓኬጁን ላሳድግ ወይስ ሌላ ናስ ልግዛ?

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። አዲስ ናስ ቢገዙም በማግስቱ ያው ‹አልተገኘም› ይመጣል፤ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ውስጥ ናሱ ተበላሽቷል የሚያሰኝ አንድም የለም። የኢንተርኔት ፓኬጁ ደግሞ በነገሩ ውስጥ የለበትም። ከኮምፒውተርዎ ወደ ናሱ የሚሄደው ፋይል ከቤት አይወጣም። ኢንተርኔት ለሳምንት ቢጠፋ እንኳ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ባክአፑ መሥራት አለበት፤ ከፓኬጅዎም አንዲት ሜጋባይት አይቀንስም።

አንድ ችግር መስሎ የታየዎት አራት ነው። አለመገኘቱ፣ መዘግየቱ፣ የ14ቱ ፋይሎች እምቢታና የቪዲዮው መቆም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ከሁሉም የሚያሳስበው የመጨረሻው ነው፤ ሦስቱ ችግራቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ግን ‹በደህና ተጠናቋል› ብሎ ያለፈ ብልሽት ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሮቦኮፒ የሚሠራውን ሁሉ በጽሑፍ ፋይል እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ ‹ሎግ› የሚለው አማራጭ ለዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ከፍተው የስህተቱን ቁጥር ያንብቡ። 53 ከሆነ ናሱን በዚያ ስም ወይም አድራሻ ጨርሶ አላገኘውም። 59 ወይም 64 ከሆነ አግኝቶት፣ መገልበጥ ጀምሮ ሳለ መስመሩ ተቋርጧል። 5 የፈቃድ ችግር ነው፤ 1326 ደግሞ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተሳስቷል ማለት ነው። 32 ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ 112 ቦታ ሞልቷል። እነዚህን ቁጥሮች ሳያዩ ዕቃ መቀያየር ገንዘብ መበተን ነው።

ከ‹አልተገኘም› እንጀምር። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አድራሻው ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም እኩል ይነሳና እንደ አመጣጡ ይከፋፈላል፤ ትናንት መጨረሻው 12 የነበረው ናስ ዛሬ 17 ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ግን 12ን ሲፈልግ ያድራል። ደሴ ላይ መብራት ምን ያህል እንደሚመላለስ ያውቁታል፤ ‹በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን› የሚለው ልክም ከዚያ ጋር ይገጥማል። መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለናሱ ቋሚ አድራሻ መያዝ ነው። የራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ለናሱ ለምሳሌ 192.168.1.200ን ይስጡት። ራውተሩ ይህን ካልፈቀደ ናሱ ላይ በእጅ ይጻፉት፤ ያን ጊዜ ግን ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያከፋፍለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፣ አለዚያ አንድ ቀን ለአንድ ስልክ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ ሮቦኮፒ ናሱን የሚጠራበትን መንገድ ይዩ። ‹ዜድ› ወይም ሌላ የድራይቭ ፊደል ሰጥተውት ከሆነ ያ ፊደል የሚኖረው እርስዎ ገብተው በተቀመጡበት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ሌሊት በራሱ የሚነሳው ሥራ ፊደሉን አያየውም። በፊደሉ ፈንታ ሙሉውን መንገድ፣ ማለትም ሁለት ግራ ያዘነበሉ ሰረዞች፣ የናሱን ቁጥርና የፎልደሩን ስም ይጻፉ። ሥራው ተጠቃሚው ባይኖርም እንዲሄድ ሲታዘዝ ‹ፓስወርድ አታስቀምጥ› የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ምልክት ካደረጉበት ሥራው ከኮምፒውተሩ ውጭ ምንም መድረስ አይችልም። ላፕቶፑን የሚከፍቱበት አጭር ፒን ለናሱ አያገለግልም፤ ናሱ ላይ ለባክአፕ ብቻ የሚሆን የራሱ ስምና ፓስወርድ ያለው ተጠቃሚ ይፍጠሩ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ሆኖ 24ኤች2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ዝማኔ ካገኘ፣ ያለ ስም በእንግድነት ወደ ናስ መግባትን ራሱ ይከለክላል፤ ትናንት ሲሠራ የነበረ ፎልደር ከዝማኔ በኋላ በድንገት የሚዘጋው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። ኢንተርኔት ሲቆም ላፕቶፑን በስልክ ሆትስፖት ማገናኘት የተለመደ ነው፤ እንደተገናኘ ከተኙ ላፕቶፑ ከቤቱ ኔትወርክ ወጥቷል፣ ናሱን የሚያገኝበት መንገድ የለም። ቪፒኤን ከፍተው ከተዉትም ብዙዎቹ የቤቱን ኔትወርክ ይዘጋሉ፤ ቅንብራቸው ውስጥ የአካባቢ ኔትወርክን የሚፈቅድ ምርጫ ካለ ያብሩት፣ ከሌለ ሲተኙ ይዝጉት።

ሰዓቱንም ያረጋግጡ። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 2፡00 ነው። 8፡00 ብለው ሞልተውት ከሆነ ባክአፑ የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ከቤት ሲወጣ ነው። ዊንዶውስ የጊዜ ሥራ ሲፈጠር ሁለት ነገር ሳይጠይቅ ምልክት ያደርጋል፦ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ካልሆነ አትጀምር፣ ወደ ባትሪ ከዞረ አቁም። መብራት ለ10 ደቂቃ ቢሄድ ላፕቶፑ ራሱ በባትሪው እየሠራ ባክአፑ ግን ይቆማል። ሁለቱንም ያንሱ። ‹ሰዓቱ ካለፈ እንደተቻለ ጀምር› የሚለውንና ‹ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ ቀስቅስ› የሚለውን ግን ያብሩ። የናሱ ዲስኮችም ሥራ ሲያጡ የሚተኙ ከሆነ ለመነሳት 10 ወይም 20 ሰከንድ ይወስዳሉ፤ ያን መታገስ የማይችል ፕሮግራም ‹የለም› ብሎ ይሄዳል። እንቅልፋቸውን ማጥፋት ይሻላል።

አሁን መዘግየቱ። አንድ ፋይል ተይዞ ስህተት 32 ሲመጣ ሮቦኮፒ ካልተነገረው በቀር 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል። ፕሪሚየር (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ከፍተው ከተኙ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ በአንዱ ፋይል ደጃፍ ላይ ቆሞ ሊያድር ይችላል። ‹አር› የሚለውን አማራጭ 3፣ ‹ደብሊው› የሚለውን 10 ያድርጉ፤ ሦስት ጊዜ በ10 ሰከንድ ልዩነት ሞክሮ ያልፈዋል፣ መዝገቡ ላይም ይነግርዎታል። የፕሪሚየር የካሽ ፎልደርም ከባክአፑ ይውጣ፤ እንደገና የሚፈጠር ነገር ነው፣ ቦታና ሰዓት ብቻ ይበላል።

የቀረው የመስመሩ ፍጥነት ነው። አንድ 5 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ወደ ናሱ እየገለበጡ ሰዓት ይያዙ። ወደ 45 ሰከንድ ከፈጀ መስመሩ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያስኬዳል፤ አንድ ጊጋቢት የሚባለው ኔትወርክ ጤናማ ሲሆን የሚሰጠው ይህን ነው። 7 ደቂቃ ተኩል አካባቢ ከፈጀ ፍጥነቱ 11 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። ከ20 ደቂቃ በላይ ከሆነ 4 ሜጋባይት ነው፣ ይህም በብሎኬት ግድግዳ አልፎ የሚሄድ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ፍጥነት ነው። አንድ ሰርግ ሁለት ካሜራ ተቀርጾ 200 ጊጋባይት ቢሆን በመጀመሪያው መስመር በግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው በ5 ሰዓት ይገባል። በሦስተኛው 14 ሰዓት ይወስዳል፤ ሌሊት 8 የጀመረው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። ‹ነግቶም አይጨርስም› ያሉት ትክክል ነው፤ ሊጨርስ አይችልም ነበር።

የቆዩ የኤዲኤስኤል ሞደሞች አብዛኞቹ መሰኪያቸው 100 ሜጋቢት ነው። ናሱም ኮምፒውተሩም እዚያ ላይ ከተሰኩ ጣሪያው 11 ሜጋባይት ነው፤ ናሱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን። ራውተሩን መቀየር ግን አያስፈልግም። አንድ ባለ 5 መሰኪያ የጊጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን) ይግዙ፤ ናሱንና ኮምፒውተሩን እሱ ላይ ይሰኩ፣ ከስዊቹ አንድ ገመድ ወደ ራውተሩ ይሂድ። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ፋይል ከዚያ በኋላ በራውተሩ አያልፍም። ላፕቶፑም የቀረጻ ፋይል ሲኖረው በኬብል ይገናኝ፤ ዋይፋይ ለሰነድና ለፎቶ ይበቃል፣ ለሰርግ ቪዲዮ አይበቃም።

ስዊቹ ጊጋቢት ሆኖም ፍጥነቱ 11 ላይ ከቆመ ኬብሉን ይጠርጥሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ችግሩ ብዙ ጊዜ ራሷ መሰኪያዋ ውስጥ ነው። ኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተገምደዋል። 100 ሜጋቢት ከስምንቱ አራቱን ብቻ፣ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛውን ይጠቀማል፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀሩት አንዷ ብትበጠስ ኔትወርኩ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። መሰኪያዋን ብርሃን ላይ ይዘው መዝጊያ ምላሷን ወደ ታች አድርገው፣ የወርቅ ጥርሶቿ ወደ ፊት ሲሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይቁጠሩ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴዎቹ ተለያይተው ሰማያዊዎቹን መሀላቸው ማስገባታቸውን ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ቀለሞቹን በጥንድ በጥንድ ደርድሮ፣ አረንጓዴን ከነጭ-አረንጓዴ አጠገብ፣ ሰማያዊን ከነጭ-ሰማያዊ አጠገብ ያስገባል። ሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ስለሆነ መብራት የምታበራው መፈተሻ ከ1 እስከ 8 በደንብ ታበራለች፤ 3ኛና 6ኛው ግን ከተለያየ ግምድ የመጡ ስለሆኑ አንዱ ምልክት በሌላው ላይ ይፈሳል። አጭር ኬብል ላይ ይሠራል፣ ኬብሉ ሲረዝም ይወድቃል፣ ጭነት ሲበዛ ስህተት 64 ያመጣል። ግምዱም መሰኪያዋ ድረስ መዝለቅ አለበት፤ የሚፈታው ከ13 ሚሊሜትር አይበልጥ።

ሽቦውንም በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት። መዳቡ ተፍቆ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሰበራል፣ ረጅም ርቀትም አይችልም። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት እስከ 100 ሜትር ለጊጋቢት ይበቃል፤ ከዚያ ለሚወደደው መክፈል አያስፈልግዎትም። ናሱ ሰርቪስ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ትልቁ ቤት ከሆነና ኬብሉ በግቢው አየር ላይ ከተሳበ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የክረምት መብረቅ አጠገብ ሲወርድ በዚያ ገመድ ላይ የሚፈጠረው ኃይል ሁለቱን ጫፍ ያቃጥላል። ሁለቱንም መሣሪያ አንድ ቤት ያስገቧቸው።

14ቱ ፋይሎች። ስማቸውን ይመልከቱ፤ ረጅም የአማርኛ ስም ያላቸው እንደሚሆኑ እገምታለሁ። ዊንዶውስ የፋይልን ስም ርዝመት በፊደል ቁጥር ይለካል፣ ናሱ ግን በባይት። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ተራ ፎልደር ላይ የናሱ ገደብ 255 ባይት ነው፣ ወደ 85 የአማርኛ ፊደል ማለት ነው። እንደ እርስዎ ባለ በምስጠራ በተቆለፈ ፎልደር ላይ ግን በብዙ ናሶች ገደቡ ወደ 143 ባይት ይወርዳል፤ ይህም ወደ 47 የአማርኛ ፊደል ነው። ለምሳሌ ‹የሙሽራው ቤት ቅልቅል ቪዲዮ የመጨረሻ የተስተካከለ ሁለተኛው ክፍል ለአማች ደሴ ጥር 2017› የሚል የኤምፒ4 ፋይል ይውሰዱ። ለዊንዶውስ ከነቅጥያው 61 ምልክት ብቻ ነው፣ ምንም አይለውም። ናሱ ሲቆጥረው 42ቱ ፊደላት 126፣ ክፍት ቦታዎቹ 11፣ ዓመቱ 4፣ ቅጥያው 4፣ ጠቅላላ 145 ባይት ነው። በሁለት ባይት በልጦ ይመለሳል። ‹ለአማች› የሚለውን ቢያወጡት ይገባል። ስሙን በአማርኛ መጻፍዎን አይተዉ፤ ዝርዝሩን ለፎልደሮቹ ስም ያካፍሉት፣ የፋይሉ ስም ከ40 ፊደል አይብለጥ። ፎልደሩን ሳይሆን ሙሉውን የዲስክ ክፍል የሚያመሰጥሩ አዳዲስ ናሶች ይህ የ143 ገደብ የለባቸውም።

መሀል ላይ ወደቆመው ቪዲዮ ስንመጣ ስታቢላይዘሩ ላይ ያለውን አለመግባባት ማንሳት ግድ ነው። ስታቢላይዘር የሚዋዥቅን ኮረንቲ ወደ 220 ቮልት ያስተካክላል። ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ ናሱም በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ናሱ አንድ ፋይል ተቀብሎ ‹ጨርሻለሁ› ሲል የመጨረሻው ክፍል ለጥቂት ሰከንዶች ገና ሜሞሪው ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያች መሀል መብራት ከሄደ ፋይሉ ሙሉ መጠንና ትክክለኛ ቀን ይዞ፣ ጅራቱ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ ሮቦኮፒ ሲመጣ የሚያመሳክረው መጠንና ቀን ብቻ ነው፤ ውስጡን አያነብም። ሁለቱም ስለሚገጥሙለት ‹አለ› ብሎ ያልፈዋል፤ ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም። ሮቦኮፒ ራሱ እየገለበጠ ሳለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ግን ያልተጠናቀቀውን ፋይል ቀን 1980 አድርጎ ስለሚተወው በሚቀጥለው ጊዜ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሁለቱ መብራት ሊቆረጥበት የማይገባው ናሱ ነው። የዲስኮቹ ግልባጭ መሆንም ከዚህ አያድንም፤ የተበላሸው ፋይል ሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል። የጠፋ ፋይልም ከሁለቱም እኩል ይጠፋል። ግልባጩ የሚያድነው አንድ ዲስክ ሲሞት ብቻ ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚያቆይ መሣሪያ) ይግዙ። ናሱ፣ ስዊቹና ራውተሩ ሦስቱም አንድ ላይ 40 ዋት አካባቢ ቢፈልጉ ነው፤ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው አዲስ ሳለ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። የኤዲቲንግ ኮምፒውተሩን እዚያ ላይ አይሰኩት፤ በደቂቃዎች ባትሪውን ያሟጥጠዋል። ሲገዙ ከኋላው የዩኤስቢ መሰኪያ እንዳለውና የናስዎ አምራች ከሚደግፋቸው ውስጥ መሆኑን ይዩ፤ ገመዱን ከናሱ ጋር አገናኝተው ‹በባትሪ 5 ደቂቃ ከቆየህ ራስህን በሥርዓት ዝጋ› ብለው ይዘዙት። ይህ ትእዛዝ ከሌለ ዩፒኤሱ ሞትን በግማሽ ሰዓት ከማራዘም በቀር ምንም አይፈይድም። ከዚያ ምንም ባክአፕ በማይሄድበት ሰዓት ከግድግዳው ይንቀሉትና በ5 ደቂቃው ናሱ በራሱ ሲዘጋ ዐይተው ያረጋግጡ። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ሙቀት ስለሚያሳጥረው ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ ቀድሞ ይደክማል። ፍተሻውን በየስድስት ወሩ ይድገሙት።

ዩፒኤሱ ከገባ በኋላ ሁሉንም እንደገና ይገልብጡ። አሁን ናሱ ላይ ያለውን አንድም ፋይል አያምኑት፣ ነገር ግን አያጥፉትም፤ ምናልባት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ተበላሽቶ ደህናው ናሱ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል። አዲስ ፎልደር ፈጥረው፣ ቦታው ከበቃ፣ ሁሉንም ወደዚያ ይላኩ። 2 ቴራባይት በጤናማ መስመር 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። አሮጌውን ቢያንስ አንድ ወር ያቆዩት።

ሮቦኮፒ ላይ ‹ሚር› የሚለውን አማራጭ ተጠቅመው ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ። ናሱን የምንጩ ትክክለኛ መስታወት ያደርገዋል፤ ምንጩ ላይ የሌለውን ከናሱ ያጠፋል። የሰርግ ፎልደሩን በስህተት ካጠፉት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ቅጂም ይከተለዋል። ናስዎ በየዕለቱ የፎልደሩን ያለፈ መልክ የሚይዝ ስናፕሾት የሚችል ከሆነ ያብሩትና የ14 ቀን ያስቀምጡ። የማይችል ከሆነ ‹ሚር›ን ይተዉት፤ ‹ኢ› የሚለው ሳያጠፋ ይጨምራል፣ ጽዳቱን እርስዎ በእጅዎ ያካሂዳሉ። ናሱንም ከውጭ በኢንተርኔት እንዲገኝ አይክፈቱት። በጥር 2014 ዓ.ም. ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ የቆለፋቸው ናሶች በኢንተርኔት በቀጥታ የሚታዩት ነበሩ። የማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፍም ለዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ የናሱን ዋና አስተዳዳሪ ፓስወርድ ሊያውቅ አይገባም። ለባክአፕ የፈጠሩት ተጠቃሚ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ናሱ እሳት፣ ሌባና ጎርፍ የሚያገኘው በአንድ ቤት ያለ ዕቃ ነው። አንድ ባለ 4 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ ይግዙ፣ በወር አንድ ጊዜ የተጠናቀቁትን ሰርጎች ይገልብጡበትና ከቤት ያስወጡት። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለዎት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ ዓላማ ከበቂ በላይ ይርቃል። የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ዲስኩ ጠፍቶ በስፖንጅ ይጠቅለል፤ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲገባ ጤዛ ስለሚይዝ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ አይሰካ። ዲስኩን በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) ይቆልፉት። የሴቶቹ ክፍል ከቤተሰቡ ሌላ ዓይን እንዳያየው አደራ ብለው የሰጡዎት ቤተሰቦች አሉ፤ ያ አደራ ዲስኩ ሚኒባስ ውስጥ ቢረሳም መጠበቅ አለበት። የቢትሎከሩን መክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ደሴ ቤትዎ ያስቀምጡ፤ ከዲስኩ ጋር አንድ ላይ እንዳይሄድ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ ቋሚው አድራሻ፣ ሙሉው መንገድና የሰዓቱ ማስተካከያ ዛሬ ያለ ምንም ወጪ ይደረጋሉ። ስዊቹና ኬብሉ በዚህ ሳምንት። ቀጥሎ ዩፒኤሱ፣ ከእሱ በኋላ አዲሱ ሙሉ ግልበጣ፣ በመጨረሻ ኤክስተርናሉ። ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ ካልበቃ ዩፒኤሱን አያዘግዩት። ከዚያ 14 ሌሊት መዝገቡን በየጠዋቱ ያንብቡ። በየወሩ ደግሞ ሦስት ፋይል፣ አንድ ረጅም ቪዲዮ፣ አንድ የፕሮጀክት ፋይልና አንድ ፎቶ ከናሱ ወደ ሌላ ፎልደር አውጥተው ይክፈቱ፤ ቪዲዮውን የመጨረሻዋን ደቂቃ ያጫውቱ፣ ብልሽቱ የሚደበቀው ጅራቱ ላይ ነውና።

በ14ቱ ሌሊት ውስጥ አድራሻው፣ ኬብሉና መብራቱ ተስተካክለው 59 ወይም 64 ከቀጠለ ብቻ ወደ ዲስኮቹ ይሂዱ። የናሱ የዲስክ ጤና ገጽ ላይ ስማርት የሚባለውን ዝርዝር ይክፈቱ። 199ኛው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ ሳይሆን የተሰካበት መገናኛ ነው፤ ናሱን አጥፍተው ዲስኩን አውጥተው ደግመው በደንብ ይግፉት። 5ኛው፣ 197ኛው ወይም 198ኛው ከዜሮ ተነስቶ በየሳምንቱ ካደገ ያ ዲስክ እየሞተ ነው፤ እሱን ብቻ ይቀይሩ፣ ናሱን አይደለም። ምትኩ ሲገዛ ሲኤምአር የተባለው ዓይነት ይሁን፤ ኤስኤምአር የሆነው ግልባጩ እንደገና ሲሠራ እጅግ ይዘገያል፣ ናሱም አንዳንዴ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል። የሞተውን ከመንቀልዎ በፊት ግን ኤክስተርናሉን ከኮምቦልቻ አስመጥተው ሁሉንም ይገልብጡበት፤ ግልባጩ እንደገና ሲሠራ የቀረው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ስለሚነበብ፣ ሁለተኛው ዲስክ የሚወድቅ ከሆነ የሚወድቀው በዚያ ሌሊት ነው።